«አገረሸባቸው» የተባሉት እትዬ አስናቀች

በጅማ የአወቱ መንደራ ነዋሪ የነበሩት ወይዘሮ አስናቀች፣ ለአብዛኞቻችን እትዬ አስናቀች፣ ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የዕድራቸው አባላት፣ ጎረቤቶቻቸው፣ ከሰርቦና ከሰቃ ድረስ የመጡ ወዳጆቻቸው በተገኙበት ሥርዓተ ቀብራቸው ተፈጽሟል። ይህን የምጽፍላችሁ በሰፈሩ፣ በረንዳ ባላት ሱቄ ልብስ የምሰፋው ኑሪ ነኝ። የሥጋ ዘመዳቸው አይደለሁም፣ ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም። ነገር ግን ስለ እሳቸው አንድ የማውቀው ነገር አለ፣ እሱን ከእኔ በቀር የሚነግራችሁ ሰው የለም።

አስቀድሜ ጠባዬን ልንገራችሁ፤ እኔ ሰው ቶሎ አላምንም። ደንበኛ «ቆንጆ ነው» ካለኝ የቱ ጋ እንደጠመመ ማየት እጀምራለሁ። ስለዚህ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬም ጆሮዬ ከእንባው ይልቅ ሹክሹክታው ላይ ነበር። ሙሾው ሞቅ ባለበት ሰዓት ከኋላዬ አንዷ ለሌላዋ «ያ በሽታቸው አገረሽቶባቸው ነው አሉ» ስትል ሰማሁ። ዞር ስል ሁለቱም ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ቃል ከወንዶቹ በኩል ደግሜ ሰማሁት። እንግዲህ ይሄ ወሬ እግር አውጥቷል ማለት ነው አልኩ በልቤ።

እትዬ አስናቀች በጎልማሳነታቸው የሥጋ ደዌ ይዟቸው ነበር። ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም፣ እሳቸውም ደብቀውት አያውቁም። በየወሩ የሚሰጠውን መድኃኒት ሳያቋርጡ ወስደው ጨርሰው «ድነዋል፣ ወደ ማንም አያስተላልፉም» ተብለው ከተሰናበቱ ዘመን አልፏል። ታዲያ ያ የሞተ በሽታ ከየት ተነስቶ ገደላቸው? የትኛው ሐኪም ተናገረ? ማን አየ?

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ ነበር። የእህታቸው ልጅ ትዕግስት፣ እሳቸው ያሳደጓት፣ ከደጃፋቸው ላይ ሻይና ፓስቲ እየሸጠች ነው የምትኖረው። ድንኳኑ ጥግ ላይ ይዛኝ «ጋሽ ኑሪ፣ ሰው ሻዬን መጠጣት ካቆመ ቆየ። ብርጭቆውን አገላብጠው ያዩና አስቀምጠው ይሄዳሉ። እኔም እንዳለብኝ ነው የሚያዩኝ። እባክዎ ይህን ወሬ ማን እንደጀመረው ይፈልጉልኝ» አለችኝ። እኔም እሺ አልኳት። መጠርጠር እንደሆነ ሥራዬ ነው።

ፍለጋዬን ከመንገሬ በፊት ግን እሳቸው ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ለማያውቋቸው ልናገር።

እትዬ አስናቀች ከእኔ የባሱ ተጠራጣሪ ነበሩ። በሰውም አይደለም የሚጀምሩት፣ በገዛ እግራቸው ነው። መድኃኒቱ በሽታውን ገደለው እንጂ አስቀድሞ የተጎዳውን ነርቭ አልመለሰላቸውም። እግራቸው ምስማር ቢወጋው አይሰማውም። የቀኝ እጃቸው ጣቶች ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ቀርተዋል። የግራ ዓይናቸው ቆብ ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥም አቧራ ሲነሳ ያለቅሳል። ከገበያ ሲገቡ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ፣ ውስጡን በግራ እጃቸው ይዳብሳሉ፣ ይገለብጡታል፣ ያራግፉታል፤ ሌባ የያዘ ፖሊስ እንኳ እንዲያ አይፈትሽም። ከዚያ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ቫዝሊን እየቀቡ በየጣቱ መሃል ያያሉ። «የሌላው ሰው እግር ሲጎዳ ይጮህለታል» ይሉ ነበር፤ «የእኔ ግን ልቡን አይነግረኝም። አንድ ቀን ጉድ እንዳይሠራኝ በዓይኔ ነው የምጠብቀው።»

ከሕመማቸው በፊት በቡና መጋዘን ለቃሚ ነበሩ። ጣታቸው እንቢ ሲላቸው ያን ትተው ኮረሪማና ቅመም ይዘው ወደ ሰርቦና ወደ ሰቃ ገበያ መመላለስ ጀመሩ። ኮረሪማው ሰበብ ነበር ብል አልዋሸሁም። ገበያው ውስጥ የሚፈልጉት እንደ እሳቸው መድኃኒቱን ጨርሶ «ድኛለሁ» ብሎ ቤቱ የተቀመጠውን ሰው ነው። አንድ ጊዜ ሰቃ አብሬያቸው ሄጄ፣ እግሩ ሥር ቁስል ያለበት ገበሬ ቡና ተሸክሞ ሲያልፍ አስቆሙት። ሰውዬው በኦሮምኛ «ና ሂን ዱኩቡ!» አላቸው እየሳቀ፤ አያመኝም ማለቱ ነው። እትዬ አስናቀች ያን ጊዜ የተቆጡትን ቁጣ አልረሳውም። «የማያምህ እኮ ነው ጉዱ! ቢያምህማ ትቀመጥ ነበር!» ብለው ሸክሙን አስወርደው፣ ቁስሉን አሳጥበው፣ እግሩን የሚያሳርፍበትን መላ ከሚስቱ ጋር ተማክረው ነው የተመለስነው።

ሰውንም አያምኑም ብያለሁ። በዕድር ስብሰባ ላይ ለሁሉም ሻይ በብርጭቆ ሲቀርብ ለእሳቸው ብቻ እጀታ ያለው ኩባያ ይመጣል። የዕድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ጥሩነሽ «ለእጅዎ እንዲመችዎ ብዬ ነው» ይላሉ። እውነትም ለታጠፈ ጣት እጀታ ይመቻል። እትዬ አስናቀች ግን እኔ ጋ መጥተው «ኑሪ፣ ለእኔ ብለው ነው ወይስ ለራሳቸው?» እያሉ ሲብሰለሰሉ ከረሙ። በመጨረሻ አንድ ስብሰባ ላይ ከኩባያው ግማሹን ጠጡና ለወይዘሮ ጥሩነሽ አቀበሉ፤ «እስቲ ቅመሺልኝ፣ ስኳሩ አልበዛም?» ወይዘሮ ጥሩነሽ ተቀብለው ጭልጥ አደረጉትና «ኧረ አንሷል!» ብለው ሌላ ቀድተው ስኳር ጨመሩላቸው። እትዬ አስናቀች ያን ዕለት ሱቄ ሲገቡ ፊታቸው በርቶ ነበር። «አንዷን አመንኳት» አሉኝ። «ሌሎቹ ገና ናቸው።»

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ አንዲት ቀሚስ ይዘው መጥተው «ወገቧን አጥብብልኝ» አሉኝ። አጠበብኩ። በሳምንቱ «አንቆ ገደለኝ፣ ልቀቀው» ብለው መለሱት። ለቀቅኩ። ደግሞ ተመልሰው «እጅጌው ረዘመ።» ባለቤቴ ከድጃ ከጓዳ ወጥታ «ይቺ ቀሚስ ማለቂያ የላትም እንዴ? ሴትዮዋ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነው» አለችኝ። እኔም ነገሩ አላማረኝም ነበር። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ቀሚሱን አያዩም። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው።

አንድ ከሰዓት በከሰል ካውያ ሱሪ ስተኩስ «ኑሪ፣ ጣትህ!» ብለው ጮኹ። ዝቅ ብዬ ሳይ ትንሿ ጣቴ የጋለው ብረት ላይ ተጋድማለች፣ ቆዳዋ ተለውጧል። ምንም አልተሰማኝም። «ሥራ አደንድኗት ነው» አልኩ ለመሳቅ እየሞከርኩ። እትዬ አስናቀች ተነስተው የሱቁን መጋረጃ ዘጉ።

«መቼ ጨረስከው?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መድኃኒቱን።»

ወላሂ፣ እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩት። አዎ፣ እኔም የሥጋ ደዌ መድኃኒት ወስጄ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ይህን እስከዚህ ለቅሶ ድረስ የሚያውቁት ከድጃና እትዬ አስናቀች ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱን የወሰድኩት ከሰፈር ርቄ ነው፤ ለደንበኛ «ጨርቅ ልገዛ ነው» እያልኩ እሄድ ነበር። የልብስ ሰፊ እጅ የሰውን አንገት ልብስ፣ የሙሽራን ቬሎ፣ የሕፃንን ዩኒፎርም ይነካል። ቢታወቅ ማን ጨርቅ ይዞ በደጄ ያልፋል?

«ማን ነገረዎት? ጤና ጣቢያ ናቸው? ከድጃ ናት?» አልኳቸው።

«ማንም አልነገረኝም። ክር ስታስገባ ጣትህን እያየህ ነው። ሰፊ ጨርቁን ነው የሚያየው፣ ጣቱን ምን ያየዋል? እኔም ቡና ስለቅም እንዲሁ ነበር የጀመረኝ። ሜ፣ እስቲ አምጣው እጅህን።»

ክርኔን ሲነኩት ጮኽኩ። ለሳምንታት ሲጠዘጥዘኝ የስፌት መኪናውን እጀታ ማዞር ያመጣብኝ ነው ብዬ፣ ሰርቦ ያለ ወጌሻ ሊያሸኝ ቀጠሮ ይዤ ነበር። «እንዳትሞክራት!» አሉኝ። «ያበጠ ነርቭ አይታሽም። ያቺን እጅ ልትጨርሳት ነው እንዴ?»

ያኔ በልቤ ያለውን አወጣሁት። «በሽታው ተመልሷል ማለት ነው? የሰጡኝ መድኃኒት የውሸት ነበር ማለት ነው?»

እትዬ አስናቀች ሳቅ አሉ። የታጠፈ እጃቸውን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እንዲህ አሉኝ፤ «ቤትህ እባብ ገባ እንበል። ገደልከው። ግን መሞቱን አላመንክም፣ ዱላውን ይዘህ ሬሳውን ትቀጠቅጣለህ። ምንድን ነው የሚሰበረው? እንስራህና ድስትህ ነው። ሰውነትህም እንዳንተው ተጠራጣሪ ነው ኑሪ። በሽታው ሞቷል፣ እሱ ግን አላመነም፤ እየተዋጋ ነርቭህን ይሰብራል። ይህን የሚያበርድ መድኃኒት አለ። ቶሎ ከደረስክ እጅህ ይመለሳል። እኔ ሳይነግሩኝ ቆየሁ፣ ይኸው ጣቴ። አንተ ደግሞ እጅህ ከሄደ ምን ቀረህ?»

እጄ ከሄደ ምንም አይቀረኝም። ያንን አውቃለሁ። ግን ሐኪም ቤቱ ሰልፍ ላይ የሚቆመው ግማሹ ሰው ልብሱን የሰፋሁለት ነው። «ካዩኝስ?» አልኩ። እሳቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ «አንተ እኔን ልታደርስ ነው የመጣኸው። አለቀ» አሉ።

እንዳሉትም ሆነ። ሰልፍ ላይ ስንቆም ከጎረቤት አንዷ መጣችና «ኑሪ! ደህና ነህ? ማን ታሞ ነው?» አለችኝ። እትዬ አስናቀች አፌን ሳልከፍት «እኔ ነኝ እንጂ! የድሮው ነገሬ ትንሽ አስቸገረኝ። ኑሪ ደግ ነው፣ ደግፎ አመጣኝ» አሉና የታጠፈ እጃቸውን ከነጠላው ሥር አውጥተው ዘረጉላት። የሰው ዓይን ሁሉ ወደዚያ እጅ ሄደ። የእኔን እጅ ያየ አንድም ሰው አልነበረም።

የመረመረኝ ወጣት ባለሙያ ዓይኔን አስጨፍኖ ጣቶቼን እየነካ፣ ጉልበታቸውን እየሞከረ፣ በትዕግሥት አስረዳኝ፤ ሕክምናን የጨረሰ ሰው ላይ ይህ ሊመጣ እንደሚችል፣ በሽታው ተመለሰ ማለት እንዳልሆነ፣ መድኃኒቱን በራሴ ማቋረጥ እንደሌለብኝ። ለወራት እየቀነስኩ ወሰድኩ። በየቀጠሮው እትዬ አስናቀች አብረውኝ ነበሩ፣ በየሰልፉም ታማሚዋ እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን መርፌ ጣቴን ወግቶኝ «አህ!» ስል በረንዳው ላይ እልል አሉ። «መርፌ ሲወጋው የሚመረቅ ሰፊ አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ። እጄ ተመለሰ፣ አልሐምዱሊላህ። ትንሿ ጣቴ ብቻ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይሰማትም፤ እሷን አላምናትም።

እንግዲህ ወደ ድንኳኑ እንመለስ። በሣልስቱ ዕለት ወሬውን መከታተል ጀመርኩ። ነጠላዋን የሳበችውን ሴትዮ ጠየቅኩ፤ ከባለ ሥጋ ቤቱ ሚስት ነው የሰማሁት አለች። የሥጋ ቤቱ ሚስት ደግሞ ወደ ሌላዋ አመለከተችኝ። እንዲህ እያልኩ ስሄድ የደረስኩት ያቺው ሰልፍ ላይ ያገኘችን ጎረቤት ጋ ነው። ያዝኩሽ ብዬ ነበር። እሷ ግን በግርምት አየችኝና «እኔ ምን ላድርግ ኑሪ? ከራሳቸው አፍ ነው የሰማሁት። የድሮው ነገሬ አስቸገረኝ ሲሉ አንተው ራስህ አጠገባቸው ቆመህ ነበር እኮ! ከዚያ ወዲያ ሐኪም ቤት ስትመላለሱ ያላየ ማን አለ?» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ስንቱን ጠርጥሬ፣ ስንቱን በዓይኔ ገምግሜ፣ የወሬው ጫፍ ከእኔው እጅ ላይ ተገኘ። ትዕግስትን ጠርቼ እሳቸው ወሬውን ያውቁት እንደነበር ጠየቅኳት። «ያውቁ ነበር» አለችኝ። «ተናድጄ ስነግራቸው፣ ያሻቸውን ይበሉ፣ ተያቸው፣ ይሄ ነገር የሰው እንጀራ ነው፣ እኔ እንደሆነ የለመድኩት ስም ነው አሉኝ። የማን እንጀራ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለቀብሩም እንደዚያ አላለቀስኩም።

እትዬ አስናቀችን የገደላቸውን እውነት ስሙ። እግራቸውን የሚጠብቁላቸው ዓይኖቻቸው ነበሩ። የማይገጥመው ዓይናቸው እየደረቀ ደከመ፣ ሌላውም ተከተለው። ጫማቸው ውስጥ የገባችውን ጠጠር እንደ ድሮው አላዩአትም። ትዕግስት «እግርዎን ልይልዎ» ስትል «እግሬን ሰው አያይልኝም!» ይሏታል። የሌላውን ቁስል ጎንበስ ብለው የሚያጥቡት ሴትዮ የራሳቸውን ለማንም አላመኑም። በዚህ ነገር ዛሬም እናደድባቸዋለሁ። ቁስሉ አጥንት ደረሰ፣ መመረዙ ደማቸው ውስጥ ገባ፣ ሆስፒታል ሲደርሱ ዘግይቶ ነበር። ያገረሸ በሽታ የለም። ሕክምናውን ጨርሰው በሚኖሩ ሰዎች እግር ላይ ይህ እንደሚደርስ ሐኪሙ ለትዕግስት በግልጽ ነግሯታል።

ስለዚህ በዚያው በሣልስቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ተነስቼ ቆምኩ። ከድጃ ከሴቶቹ በኩል አየችኝና አንገቷን ነቀነቀች፤ ተናገር ማለቷ ነው። «ሰልፍ ላይ ታማሚው እኔ ነበርኩ» አልኩ። «ቀድሞ የሥጋ ደዌ መድኃኒት እወስድ ነበር። ጨርሻለሁ፣ ድኛለሁ። ሐኪም ቤት ስንመላለስ የነበረው ለእኔ እጅ ነው። እሳቸው የእኔን ሸክም በስማቸው ተሸክመው ነው የሞቱት።» አንዱ እኔ ጋ ያሰፋውን ኮት እጅጌ ነካ ነካ ሲያደርግ አየሁት። ወይዘሮ ጥሩነሽ ብቻ ተነስተው ከትዕግስት እጅ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀበሉና ሰው ሁሉ እያየ ጠጡ። ጨርቁን መውሰድ የሚፈልግ ይምጣ፣ ሱቄ ክፍት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

እትዬ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግርዎ።

በማግስቱ ሱቄን ከፍቼ ጠበቅኩ። ሰው ያልፋል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ያልፋል። ሰላምታው ሁሉ አጥሮብኝ ነበር፣ ወይም እኔ አሳጥሬው ይሆናል፤ እርስዎ ያውቁኛል። ረፋዱ ላይ ለልጇ ዩኒፎርም ያሰፋች አንዲት ሴት ደጃፌ ላይ ቆመች። ጨርቋን ልትወስድ መጣች አልኩ። ዩኒፎርሙን አንስቼ ሳልጨርሰው አጣጥፌ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ገባች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ መጋረጃውን ራሷ ዘጋችው። ከዚያ አንድ እጇን ከሻርፗ ሥር አወጣች። ሁለቱ ጣቶቿ መታጠፍ ጀምረዋል። «መድኃኒቱን ከጨረስኩ ቆየሁ» አለችኝ። «ተመለሰብኝ ብዬ ለባሌ እንኳ አልነገርኩም። ትናንት ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ።»

እትዬ፣ ወደ እርስዎ ልልካት ነበር እኮ! አፌ ላይ ስምዎ መጥቶ ነው የተመለሰው። ወደ ማን ልላካት? መኪናዬን ሸፍኜ፣ ሱቄን ዘግቼ ይዣት ሄድኩ። ሰልፉ ላይ አንዱ የማውቀው ሰው «ኑሪ፣ ማን ታሞ ነው?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልኩት፣ «እሷ እዚሁ ያገኘኋት ደንበኛዬ ናት።» ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ አየ። እሷን ያያት የለም።

ደህና ይሁኑ እትዬ አስናቀች። አምላክዎ ነፍስዎን በደጋጎቹ መሃል ያሳርፍልኝ። ይህን ወረቀት እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ነገ በጠዋት ቀጠሮ አለን።